በረዶ አገር ለሚሄዱ ጓደኞቻችን



በዘጌ ቡና ጥላ ሥር ላደገ ተማሪ በረዶ ማለት ከዝናብ ጋር ወርዶ ወዲያው የሚቀልጥ ጠጠር ነው። ምድርን ለወራት የሚሸፍነው በረዶ የሌላ ዓለም ነገር ይመስለናል። ይሁን እንጂ አገራችንም በረዶን ታውቀዋለች። የጣና ሐይቅ ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ሲሆን የራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ሽቅብ ሲወጡ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በስሜን ተራሮች ጫፍ ላይ አንዳንድ ጊዜ በረዶ ይጋገራል። ነጋዴው ኮስማስ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ የገለበጠው የድንጋይ ጽሕፈትም፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ወደ ስሜን በዘመተ ጊዜ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ ያሰጥም እንደ ነበር ይናገራል። የስሜን ገበሬ ግን በዚያ ብርድ ገብስ ዘርቶ፣ የበግ ጠጉር ባና ደርቦ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር እሳት ዳር ተሰብስቦ ይኖራል።

ከእኛም መካከል ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ በረዶ አገር የሚሄድ ይኖራል፤ ወላጆችም «ልጄን ብርድ ይጎዳብኛል» ብለው ይሠጋሉ። ለብርዱስ ወፍራም ካፖርትና የሚሞቅ ቤት አለ። የሚከብደው ጨለማውና ብቸኝነቱ ነው። በስቶክሆልም በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ሰውም በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ ተጓዥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ከካፖርቱ ጋር ጀበናና የዘጌ ቡና ያዙ፤ ጎረቤቶቻችሁንም ቡና ጠጡ ብላችሁ ጥሩ። የስሜን ሰው ብርዱን የሚችለው ብቻውን ሆኖ አይደለምና። እዚህ የምንቀረውም ደብዳቤ አናቋርጥባቸው።