የተማሪዎች የኅትመት ዕቅድ በፖቶማክ ግራና ቀኝ



አንዲት የሲልቨር ስፕሪንግ ተማሪና በአሌክሳንድሪያ የሚኖር የአክስቷ ልጅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚወጣ የትምህርት ቤት መጽሔት ለመጀመር አሰቡ ይባል። ሁለቱም የመጀመሪያውን እትም ይዘት፣ የገጹን ብዛት፣ የአራሚዎቹን ድርሻና የማተሚያውን ወጪ ጽፈው ለየአማካሪ መምህራቸው አቀረቡ። ከጽሑፎቹ አንዱ ኪራይ ከብዷቸው አካባቢውን ስለሚለቁ ቤተሰቦች ነው። ዕቅዱ አንድ ሲሆን ዕጣው ግን በየግዛታቸው ሕግ ይለያያል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 በቲንከር ጉዳይ የተማሪዎችን ሐሳብ የመግለጽ መብት አጽንቷል። በ1988 ግን በሄዝልዉድ ጉዳይ ትምህርት ቤት በስሙ የሚወጣውን ጋዜጣ፣ ትምህርታዊ ምክንያት እስካለው ድረስ፣ ሊቆጣጠር እንደሚችል ፈረደ። ግዛቶች የሰፋ ጥበቃ እንዲሰጡ በሩ ክፍት ነው።

ሜሪላንድ በ2016 ይህንኑ አድርጋለች። ረቂቁን ያቀረቡት ያን ጊዜ የግዛቱ ሴናተር የነበሩት ጄሚ ራስኪን ናቸው። ነገሩ ለእርሳቸው እንግዳ አልነበረም፤ በ1990ዎቹ የሲልቨር ስፕሪንግ ሞንትጎመሪ ብሌር ተማሪዎች ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ያዘጋጁት የቴሌቪዥን ክርክር በታገደ ጊዜ ከጎናቸው ቆመዋል። ሕጉ ስም ማጥፋትን፣ የሰውን ገመና መድፈርንና ሁከት ማነሣሣትን አይጠብቅም። ከእነዚህ መሰል ገደቦች ውጭ የይዘቱ ወሳኝ ተማሪው ነው፤ ተማሪውን የደገፈ መምህርም ስለዚሁ አይቀጣም።

ቨርጂኒያም በ2020 ሕግ አወጣች፤ ጥበቃው ግን ለመንግሥት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብቻ ሆነ። የአሌክሳንድሪያው ልጅ ዛሬም በሄዝልዉድ ሥር ነው።

የሜሪላንድም ሕግ ቢሆን የቋንቋውን እንቅፋት አያነሣም። የሁለቱም ከተሞች ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚላከውን ማስታወቂያ ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ፤ ጉዞው ግን ከቢሮ ወደ ቤት ብቻ ነው። ተማሪው በአማርኛ ሲጽፍ አማካሪው ማንበብ አይችልም። «ሁሉን ተርጉመህ አምጣ» ማለት ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል፤ ሆኖም ሥራውን እጥፍ ያደርጋል፣ እንግሊዝኛ ብቻ በሚጽፈው ባልንጀራው ላይ የሌለ ቅድመ ምርመራንም ይጭናል።

በ1960ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ‹ስትራግል›ን በእንግሊዝኛ ያሳትሙ ነበር። የዚያ ትውልድ የልጅ ልጆች በሲልቨር ስፕሪንግ በአማርኛ ለማተም መፈለጋቸው የሚያስገርምም የሚያስደስትም ነው።

ስለዚህ የሪችመንድ ሕግ አውጪዎች የ2020ውን ጥበቃ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቢያሰፉ፣ ሁለቱም ግዛቶች ደግሞ ቋንቋውን የሚያነብ ተባባሪ አማካሪ፣ ከዋናው አማካሪ እኩል ጥበቃ ተሰጥቶት፣ እንዲመደብ ቢፈቅዱ ይገባል። ለዚህ ሰው የሚከፈለው አበል በትምህርት ቤቱ በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መደብ ይሻል፤ ያለዚያ ሸክሙ በአንድ በጎ ፈቃደኛ ወላጅ ላይ ይወድቃል፤ ወላጁ ፈረቃው የተለወጠ ዕለትም መጽሔቱ ይቆማል።