በብስክሌት ወደ ዓባይ በረሃ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ጉዞ ነው። በብስክሌት ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ሄድን። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጊዜው ጥር 2006 ዓ.ም. ነበር። እኔ ያን ጊዜ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም እማር ነበር።

የተነሣነው እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ነን። ከኋላችን አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ትከተለናለች። ውሃውን፣ በሶውን፣ ትርፍ ጎማውንና ካላማዳሪያውን የያዘች እሷ ናት። ሾፌሩ የጓደኛዬ አጎት ናቸው። «ጋሼ» እንላቸዋለን። ጋሼ ፊደል የቆጠሩት ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ።

ጋሼ ከመሪው አጠገብ አንድ ደብተር አላቸው። በቆምን ቁጥር ይጽፋሉ። ሰዓቱን ይጽፋሉ። የቦታውን ስም ይጽፋሉ። እያንዳንዳችን ስንት ኩባያ ውሃ እንደጠጣን እንኳ ይጽፋሉ። እኛ ታዲያ እንስቅ ነበር። «ጋሼ፣ ውሃም ይቆጠራል እንዴ?» እንላቸዋለን። እሳቸው ዝም ብለው ይጽፋሉ።

በመጀመሪያው ቀን እንጦጦን ወጥተን፣ ሱሉልታንና ጫንጮን አልፈን ፍቼ አደርን። በሁለተኛው ቀን ገርበ ጉራቻ ላይ አንድ ጎሚስታ የላላ ፍሬናችንን አጠበቀልን። ሂሳብ ስንጠይቀው «ይልቅ ምክሬን ያዙ» አለን። «የዓባይን ቁልቁለት ፍሬን ጨብጣችሁ አትውረዱ። ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ። ቸርኬው ሲግል ቁሙ።» ያን ቀን ጎሐ ጽዮን አደርን።

በሦስተኛው ቀን ጧት ወደ በረሃው ወረድን። ቁልቁለቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን ሲፈትገው ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ በካላማዳሪያው ውስጥ ያለውን አየር ያሞቀዋል። የሞቀ አየር ይገፋል፤ ካላማዳሪያው ሊፈነዳ ይችላል። የጎሚስታው ምክር ምክንያቱ ይህ ነው። እኛም ሦስት ጊዜ ቆመን ቸርኬውን አቀዘቀዝን።

ጎሐ ጽዮን ደጋ ነው፤ ጋቢ ያስለብሳል። ወደ ታች 1000 ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር ግን ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ላባችን ይንጠፈጠፍ ነበር። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል። አሮጌው ድልድይ አጠገቡ አለ። ተሻግረን የደጀንን ዳገት ያዝን። እሱም 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ጓደኛዬ ብስክሌቱን ጣለና ተቀመጠ። ራሱን አመመው። እግሩን ቁርጠት ያዘው።

«መኪናው ውስጥ ግባ» አሉት ጋሼ።

«አልገባም! በእግሬ ካልጨረስኩ ሰው ምን ይለኛል?»

«ውሃ ጠጥተሃል?»

«በደንብ ጠጥቻለሁ።»

ጋሼ ደብተራቸውን ገለጡና አነበቡለት። «ጎሐ ጽዮን፣ 1 ሰዓት። እሱ 3 ኩባያ፣ አንተ 1። ድልድዩ፣ 4 ሰዓት። እሱ 4 ኩባያ፣ አንተ ምንም።»

ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ። እኔም አፈርኩ። አብሬው እየሄድኩ አላየሁም ነበር፤ ደብተሩ ግን አይቷል።

ከመንገዱ ዳር አንዲት እናት ከጎጆአቸው ወጡ። «ልጄን ምን ነካብኝ!» እያሉ ከዛፍ ጥላ ሥር ቁርበት አነጠፉለት። ስኳር ከኛ ነበር፤ ጨው እሳቸው ሰጡን። ጋሼ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ለኩ። 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጠበጡበት። ጓደኛዬም ቀስ እያለ ጠጣው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይኑ ተገለጠ። ለእናታችን ገንዘብ ብንሰጣቸው «ለቁንጥር ጨው ብር?» ብለው ተቆጡን።

ጓደኛዬ የቀረውን ዳገት በመኪና ወጣ። ማታ ደጀን ላይ ጋሼ ሲጽፉ አያቸው። «ጋሼ፣ በመኪና መውጣቴን እባክዎ አይጻፉት» አላቸው።

«ልጄ፣ ያልሆነውን ብጽፍ ኖሮ ዛሬ አንተን በምን አውቅህ ነበር?» አሉትና ጻፉት። በማግስቱ ሁላችንም በሰላም ደብረ ማርቆስ ገባን። ጓደኛዬም 70 ኪሎ ሜትሩን በብስክሌቱ ነዳ። በየቦታው ውሃ ሲጠጣ «ጋሼ፣ ይጻፉልኝ» ይል ነበር።

ውድ አንባቢዎች፣ ብስክሌት ባይኖራችሁም በፀሐይ ታርሳላችሁ፤ ሸክም ይዛችሁ ገበያ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ ሦስት ነገር ያዙ።

1. ሳይጠማችሁ ጠጡ።
2. ሲደክማችሁ «ደከመኝ» በሉ። ነውር የለበትም። የታመመው ሰው ከተዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት። ፈጥናችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱት።
3. የሆነውን እንደሆነ ጻፉ። አንድ መስመርም ይበቃል።

እስቲ ዛሬ ማታ ደብተራችሁን አውጡና ጻፉ። በሥራ ላይ ሆናችሁ ስንት ኩባያ ውሃ ጠጣችሁ? አጠገባችሁ የሚሠራውስ ሰው?

ደህና ሁኑ።