እንጦጦ ዳገት ላይ ሁለት ሞተሮች

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከላቸውን የሰማነው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የመኪና ወዳዱ ልብ በነዳጁና በኤሌክትሪኩ መካከል ለሁለት ተከፍሏል።

የነዳጅ ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ ነጂው ፍሪሲዮን እየረገጠ፣ ማርሽ እየቀያየረ፣ ድምፁን እያዳመጠ ይነዳል። ቮልስ ይዞ የኖረ ሰው ካንዴላ መበላሸቱን በጆሮው ያውቃል። ይህ ዕውቀት ነው፤ ሲቀር ቢያሳዝን አይገርምም።

ግን እንጦጦን እንውጣ። የነዳጅ ሞተር የሚያቃጥለው ነዳጅን ከአየር ጋር ነው፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ከቆመበት ሲነሣ እንኳ ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይሉን ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀያየር ማርሽም የለውም። ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። የምንሞላው መብራትም በአብዛኛው ከግድቦቻችን የሚመነጭ ነው። ለአዲስ አበባ ዳገት፣ በእኔ እምነት፣ የተሻለው የኤሌክትሪኩ ነው።

አሮጌ ቮልስ ወይም ኮሮላ ያላችሁ ግን አትጣሉት። ክልከላው አዲስ የሚገባውን እንጂ በእጃችሁ ያለውን አይመለከትም። ጠግናችሁ ንዱት፤ ሙያውንም ለልጆቻችሁ አሳዩ።