የዶላር መድከምና የወርቅ መወደድ



እናቶቻችን ቍጠባቸውን ወደ ባንክ በመውሰድ ፈንታ የወርቅ ሐብልና ጕትቻ ሲገዙበት እያየን እንሥቅ ነበር። ሣቃችን ተገቢ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር፥ ስለ ዶላርና ስለ ወርቅ የተማርነውን በአጭሩ እንናገራለን።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም. በብሬተን ዉድስ ስምምነት መሠረት፥ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ መንግሥታት ለሚያቀርቡለት ለየ35ቱ ዶላር አንድ አውንስ፥ ይኸውም 31 ግራም ያህል ወርቅ ሊሰጥ ቃል ገባ። ይሁን እንጂ ለጦር ሠራዊት፥ ለርዳታና በውጭ አገር ለሚቋቋም ሥራ የወጣው ዶላር ከገባው እየበለጠ ሄደ። ዶላሩ የተከማቸባቸው መንግሥታትም ወርቁን ጠየቁ፤ ከእነርሱም አንዷ የጄኔራል ደ ጎል ፈረንሳይ ነበረች። ከዚህም የተነሣ ከ20 ሺህ ቶን በላይ የነበረው የአሜሪካ ወርቅ ከግማሽ በታች ወረደ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የሸቀጥ ንግዷ ራሱ ጎደለ፤ ከውጭ የገዛችው ወደ ውጭ ከሸጠችው በለጠ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት 15 ቀን ፕሬዚዳንት ኒክሰን የወርቁን በር ዘጉት።

ወርቅም በጃንዩወሪ 1980 ዓ.ም. 850 ዶላር ደረሰ። እንግዲህ እናቶቻችን ረቱን ልንል ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን ወርቅ የገዛ ሰው በ1999 ዓ.ም. ዋጋው ከ300 ዶላር በታች ወርዶ አየ፤ የከፈለውንም ያህል ለማግኘት እስከ 2008 ዓ.ም. ጠበቀ። ብርም በዚያው በ1980 ዓ.ም. ወደ 50 ዶላር ከተጠጋ በኋላ፥ ሦስት ወር ሳይሞላው ከ15 ዶላር በታች ወደቀ።

የንግድ ጕድለትም ብቻውን ዶላርን አይጥልም። አሜሪካ ከ1976 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ጕድለት አለባት፤ ሆኖም ከ1980 እስከ 1985 ዓ.ም. ከፍተኛው ወለድ የውጭ ገንዘብ ስለ ሳበ ዶላር በረታ።

ዛሬስ? ከ2022 እስከ 2024 ዓ.ም. የመንግሥታት ባንኮች በየዓመቱ ከ1 ሺህ ቶን በላይ ወርቅ ገዙ፤ በ2025 ዓ.ም. የአንድ አውንስ ዋጋ ከ4 ሺህ ዶላር አለፈ። በዶላር ላይ ጥርጣሬ እስካለ ድረስ ወርቅ ፈላጊ አያጣም ብለን እናምናለን፤ ዋጋው አይወርድም ብለን ግን አንምልም።

ስለዚህ እናቶቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ የወረቀት ገንዘብ ዋጋው የሰጪው ቃል እስከ ጸና ድረስ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እንለምናቸዋለን፤ የትምህርትና የሕክምና ገንዘብ ሁሉ በወርቅ አይቀመጥ። የቸገረው ሰው ወርቁን የሚሸጠው ገበያው ባማረለት ቀን ሳይሆን፥ ችግሩ በመጣበት ቀን ነውና።