ስም እንዳይጠፋብን የመጻፊያ ፕሮግራማችንን ስለ መቀየር

(ከዚህ በታች የቀረበው የጋዜጣችን የአማርኛ ክፍል ጸሐፊ ባሱንዳ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወገኖች ያደረጉት ንግግር ነው።)



አንዳንዶቻችሁ «ጋዜጣው ለምን ዘገየ? ፊደሉስ ለምን መልኩን ለወጠ?» ስትሉ ጠይቃችኋል። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ ምክንያቱን ማስረዳት እወዳለሁ። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራማችንን ስለቀየርን ነው።

እንደምታውቁት፣ ድንበር ሲሻገሩ ከቤተሰባቸው የተለያዩ ወገኖችን ስም ስንመዘግብ ቆይተናል። አንድ ቀን አንዲት እናት መጥተው «ልጄ፣ ከገዳሪፍ በመጣው ዝርዝር ውስጥ የልጄ ስም እንዳለ ተመልከትልኝ» አሉኝ። ዝርዝሩን በኮምፒዩተራችን ስከፍተው አማርኛ የለም፤ የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። «ይታገሡኝ እማማ፣ ማንበብ አልቻልኩም» አልኳቸው። «ማንበብ የማልችለው እኔ ነኝ እንጂ አንተ ምን ሆንክ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከሁለት ቀን በኋላ በእጅ የተጻፈው መዝገብ ሲመጣ የልጃቸው ስም በሁለተኛው ገጽ ተገኘ። ያን ሁለት ቀን ሁሉ ስሙ በእጃችን ነበር።

ችግሩ ከምን መጣ? በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ብዙ ደክመዋል፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ከ256 ያልበለጠ ምልክት ነበር። የእኛ ፊደል ከነዲቃላውና ከነቁጥሩ ከዚያ ስለሚበልጥ አንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈለው። ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚቀመጠውም የእንግሊዝኛው ምልክት እንጂ «ሀ» ራሱ አልነበረም፤ ፎንቱ የ«ሀ»ን ልብስ ያለብሰዋል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ልብሱ ይወልቃል። አሠራሩም በየፕሮግራሙ ስለሚለያይ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም ነበር።

በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት በሦስተኛ እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። ለ345 ምልክቶች ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ቋሚ ቁጥር ተሰጣቸው። ስለዚህ ዛሬ በዩኒኮድ የተጻፈ «ሀ» እዚህም፣ አዲስ አበባም፣ በእጅ ስልክም ላይ ያው «ሀ» ነው። አሁን የያዝነው ፕሮግራም በዚህ ሥርዓት የሚጽፍ ሲሆን የሚገኘውም ያለ ክፍያ ነው።

ለውጡ ግን ያለ ድካም አልመጣም። ለዓመታት የለመደ ጣት አዲሱን አመታት እስኪይዝ ድረስ ሥራችን ተጓተተ። አሮጌዎቹን ዝርዝሮች ከመዝገቡ ጋር እያስተያየን እንደገና ጻፍን። መዝገቡ የጠፋባቸው ገጾች ግን እስከ ዛሬ አልተነበቡም፤ ይህ ያሳዝነናል።

አዲሱ ፕሮግራም የማይፈታው ችግርም አለ። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን ሰው «ሀይሉ» ብለን ብንፈልገው ኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ያደርጋቸዋል። ስለሆነም ሦስት ነገር ወስነናል። አንደኛ፣ ስም ባለቤቱ በሚጽፍበት ፊደል ይመዘገባል፤ ሲፈለግ ግን በሁሉም አጻጻፍ ይፈለጋል። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ዝርዝር ከመላኩ በፊት በሌላ ኮምፒዩተር ወይም በስልክ ተከፍቶ መነበቡ ይረጋገጣል። ሦስተኛ፣ በእጅ የተጻፈው መዝገብ አይጣልም። ኮምፒዩተር ይበላሻል፣ መብራት ይጠፋል፤ ቀለምና ወረቀት ግን ያቺን እናት አላሳፈራቸውም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቀደም ሲል ስም ያስመዘገባችሁ ሁሉ እባካችሁ ተመልሳችሁ ኑና ስማችሁን፣ የአባትና የአያት ስም ጭምር፣ በዓይናችሁ እዩልን። ማንበብ የማትችሉም አትፈሩ፤ እኛ እናነብላችኋለን፣ ከተሳሳትን እናንተ ታርሙናላችሁ። የሰው ስም በትክክል ከተጻፈ ፈላጊው ያገኘዋል።