«ሳቅ በሉ» ከማለታችን በፊት
(በሽኩና ሄ ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የማወራው ትልልቆቻችንን ፎቶ ስለ ማንሳት ነው። ወጣቶች ብዙ ጊዜ «አያቴ ካሜራ ሲያዩ ድርቅ ይላሉ፣ አይስቁም» ይሉኛል። እስቲ ምክንያቱን እንየው።

አንደኛ፣ በአገር ቤት ፎቶ ብርቅ ነበር። ሰው ፎቶ የሚነሳው ታጥቦ፣ ጥሩ ልብሱን ለብሶ ነው። ቀጥ ብሎ መቆም ክብር እንጂ ፍርሃት አይደለም። ሁለተኛ፣ በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲመጣ፣ የብዙዎቹ ግንባር ላይ ቁጥር ተለጥፎ ነበር። እንዲያው እንዳሉ ተነሱ፤ ፎቶውም ዓለምን ዞረ። ደክሞ፣ ሳይዘጋጁ፣ በማያውቁት አገር መነሳት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ታዲያ ምን እናድርግ? ካሜራውን ከቦርሳ ሳታወጡ ግቡ። ሰላም በሉ፣ ቡናውን ጠጡ። ፎቶው ለምን እንደሆነ ንገሯቸው፦ ለሳሎን ግድግዳ ነው? ለመጽሔት ነው? ዋትስአፕ ላይ ይወጣል? ፈቃድ ጠይቁ፤ «ይቅርብኝ» ካሉ እሺ በሉ። ልብሳቸውን ራሳቸው ይምረጡ፤ ነጠላቸውን አትጎትቱ።

መጀመሪያ እሳቸው በሚፈልጉት አቋም አንሷቸው። ከዚያ «እማማ፣ ይህን ጥልፍ ማን ጠለፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። ወሬው ሲጀመር ፊታቸውም እጃቸውም ይፈታል።

ብርሃኑንም አትርሱ። የቤርሼባ የቀትር ፀሐይ ዓይን ያስጨፍናል፤ የበረንዳ ጥላ ወይም መስኮት አጠገብ ይሻላል። ካሜራ ነጭ ልብስ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ምስሉን ያጨልማል፤ ፊታቸው አይታይም። ስልኩ ላይ ፊታቸውን ነክታችሁ ብርሃኑን ከፍ አድርጉ። በመጨረሻም አሳዩዋቸው፤ ያልወደዱትን እያዩ አጥፉት።

ይህን ሁሉ የምለው ለጌጥ አይደለም። በመካከላችን የእናቱን ፊት የሚያይበት አንድ ፎቶ እንኳ የሌለው አለ። የልጅ ልጆቻችን እንዲህ እንዳይሆኑ አደራ። ፎቶው ስልክ ውስጥ አይቅር፤ አሳትሙት። ከጀርባው ስማቸውንና መንደራቸውን ጻፉ፤ አምቦበር ይሁን ወለቃ፣ እሳቸው ይንገሯችሁ። ወላጆችም፣ ልጆቹ ሲመጡ «ዛሬ አይመቸኝም» አትበሉ፤ ጊዜ ስጧቸው።