ካርታው በማን ስም ወጣ?

ዛሬ የማወራችሁ ውጭ ሆነው አዲስ አበባ ላይ ቤት ለመግዛት ገንዘብ ስለሚልኩ ወገኖቻችን ነው። በባንክ የውጭ ሐዋላ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ያየሁት ትልቁ ጉዳት መንገድ ላይ የጠፋ ገንዘብ አይደለም፤ በደህና ገብቶ የላኪው ስም የሌለበት ገንዘብ ነው።

አንዲት እህት ነበረች። አረጋውያንን በሌሊት ተረኝነት እየጦረች ለዓመታት ያጠራቀመችውን ለወንድሟ ላከችለት፤ የሚበዛውን በሰው እጅ። ቤቱ ተገዛ፣ ካርታው በወንድምየው ስም ወጣ። እሱ ሲሞት ወራሾቹ መጡ። እሷ የምታሳየው አንዲት ወረቀት አልነበራትም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1195 ካርታው በስሙ የተሰጠውን ሰው የቤቱ ባለቤት አድርጎ ይገምታል። ይህን ግምት ባዶ እጅ ይዞ ማፍረስ አይቻልም።

«ዜግነት ቀይሬያለሁ፣ በስሜ አይሆንም» ብላ ነበር በወንድሟ ስም ያስደረገችው። አዎ፣ ሕጉ የውጭ ዜጋ ቤት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። ግን ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነና ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ የያዘ ሰው በአዋጅ 270/1994 መሠረት በገዛ ስሙ ቤት መግዛት ይችላል። ይህንን ባለማወቅ ስንት ወንድምና እህት ተቀያይሟል!

ወደ ማስረጃው ልመለስ። በጥቁር ገበያ ስትልኩ ዶላሩ ካላችሁበት አገር አይነሳም። እዚያ ላለው ሰው ትሰጡታላችሁ፣ አዲስ አበባ ያለው ሸሪኩ ከኪሱ ብር ያወጣል። የትኛውም ባንክ መዝገብ ላይ የእናንተ ዶላር የለም። በባንክ ሲሆን ግን ስዊፍት የሚባለው የባንኮች መልእክት የላኪውንና የተቀባዩን ስም፣ መጠኑን፣ ቀኑን ይይዛል። ቅጂውን ከባንካችሁ ጠይቃችሁ አስቀምጡ። የክፍያው ምክንያት ላይም «ለቤት ግዢ» ተብሎ ይጻፍ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ከ10,000 ዶላር በላይ ስታስገቡ ባንኩ ለመንግሥት ያሳውቃል፤ ይህ ሊያስፈራችሁ አይገባም። ወንጀል የሚሆነው እንዳይታወቅ ብሎ ከፋፍሎ ማስገባቱ ነው።

ብዙ ሰው የመላኪያውን ክፍያ ሲከራከር ምንዛሬውን ይረሳል። 80,000 ዶላር ስትልኩ በምንዛሬው ላይ የ2 በመቶ ልዩነት ቢኖር 1,600 ዶላር ነው። ስለዚህ በዲያስፖራ የውጭ ምንዛሬ ሂሳብ፣ በራሳችሁ ስም፣ በዶላር አስገቡት፤ የሚመነዘረው በየክፍያው ቀን ይሁን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። 6 ሚሊዮን ብር ቀሪ ክፍያ የነበረበት ገዢ ከ105,000 ዶላር በላይ ያስፈልገው የነበረው 60,000 በቃው። ዶላሩን ቀድሞ መንዝሮ ብር ያስቀመጠ ግን አልተጠቀመም።

መምጣት ካልቻላችሁ በኤምባሲ በኩል ውክልና ስጡ። ወኪሉ ይፈርም፤ ገዢ ተብሎ የሚጻፈው ግን የእናንተ ስም ነው። ለሻጩም ገንዘቡን አስቀድማችሁ አትልኩለት። ከሂሳባችሁ በሻጩ ስም ሲፒኦ፣ ማለትም የባንክ ክፍያ ማዘዣ ይሠራ፤ እናንተ ወይም ወኪላችሁ ውልና ማስረጃ ቀርባችሁ ፊርማው ሲያልቅ ሻጩ እዚያው ይረከብ።